የቻይና ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ገለልተኛ አባል ሁኚ ተብያለሁ፤ ልምድ ያላችሁ ምከሩኝ

ኦዲተሯ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የሒሳብ ምርመራ ነው፤ አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ ከዚህ ሙያ ወጥቼ አላውቅም። ሰሞኑን ድሮ አብሮኝ የሠራ ሰው ደወለልኝ። ናስዳክ በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ላይ አክሲዮን ለመሸጥ የሚዘጋጅ አንድ የቻይና ኩባንያ ገለልተኛ የቦርድ አባል ይፈልጋል አለኝ። ፋብሪካው ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር ነው፤ ለልብስ ማጠቢያ ማሽንና ለአየር ማቀዝቀዣ የሚሆኑ ትናንሽ ሞተሮች ይሠራል። እኔን ለምን እንደፈለጉኝ ይገባኛል። የአሜሪካ ሕግ የኦዲት ኮሚቴ አባላት በሙሉ ገለልተኛ እንዲሆኑ ያስገድዳል፤ ከመካከላቸው የፋይናንስ አዋቂ መኖሩን ወይም አለመኖሩንም ኩባንያው በይፋ መግለጽ አለበት። ስለዚህ የኮሚቴው ሰብሳቢ እንድሆን ነው የተጠየቅሁት።

ቻይንኛ አልችልም። ስብሰባው በቪዲዮ ይሆናል፣ ሰነዱ ተተርጉሞ ይደርስሻል፣ በዓመት አንድ ጊዜ ፋብሪካውን ትጎበኛለሽ ተብያለሁ። ክፍያው ደህና ነው፤ ጥቂት አክሲዮንም አለበት። ባለቤቴ «የሚገዙት ስምሽን ነው» ይላል። እኔ ግን ሥራውን ከምር መሥራት የሚቻል ከሆነ እፈልገዋለሁ። ከዚህ ከሜሪላንድ ሆኜ ያንን ፋብሪካ በእውነት መቆጣጠር እችላለሁ? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልጠይቅ?

አትላንታ_ነኝ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! የእኛ ሰው እዚህ ደረጃ ሲደርስ ማየት ያኮራል። በዓመት አራት ስብሰባ ነው፤ ሒሳቡን የሚመረምር የውጭ ኦዲተር አለ፣ ሕጉን የሚያይ ጠበቃ አለ። ብዙ አታካብጂው፣ ተቀበይ።

የሕግ_ሰው_ቶሮንቶ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጣሪ፤ የቦርድ አባል የምትሆኚው የየትኛው ኩባንያ ነው? ናስዳክ ላይ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ ኬይማን ደሴቶች ላይ የተቋቋመ ባዶ ኩባንያ ነው። ከሥሩ ሆንግ ኮንግ ሌላ ኩባንያ አለ፣ ከእሱ ሥር ቻይና ውስጥ አንድ፣ ከዚያ ሥር ነው ፋብሪካው። አንቺ የምትቀመጪው ላይኛው ላይ ነው። ገንዘቡም ማሽኑም ሠራተኛውም ያለው ታች ነው። በመካከል ያለው ሰንሰለት አንድ ቦታ ቢበጠስ ቦርድሽ ወረቀት ብቻ ታቅፎ ይቀራል።

ይህ የሆነ ነገር ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፑዳ ኮል የሚባል የድንጋይ ከሰል ኩባንያ ነበር። የተመዘገበው ደላዌር የተባለው የአሜሪካ ግዛት፣ አክሲዮኑ የሚሸጠው ኒው ዮርክ፣ ከሰሉ ሻንሺ ክፍለ ሀገር። ሀብቱ በሙሉ ያለው ሻንሺ ኮል በተባለ ድርጅት ውስጥ ሲሆን ፑዳ የዚህን ድርጅት 90 በመቶ ይዞ ነበር። በ2009 የቦርዱ ሊቀ መንበር ያንን 90 በመቶ በራሱ ስም አዞረው። ቦርዱ አላወቀም፣ ባለአክሲዮኖች አልተጠየቁም። ከዚያ በኋላ ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ አዲስ አክሲዮን ሸጦ ገንዘብ ሰበሰበ። የሰው ገንዘብ የገባው ምንም ወደሌለው ቅርፊት ነው። ጉዳዩ የወጣው በ2011 ነው፤ ያወጣውም ቦርዱ ሳይሆን በአክሲዮኑ መውደቅ የሚያተርፍ አንድ አጥኚ ነው። ማስረጃው የተገኘው በቻይና የንግድ መዝገብ ውስጥ ነበር። አንድ ጠበቃ ልኮ ፋይሉን ማስወጣት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

በ2013 ገለልተኛ አባላቱ ባለአክሲዮኖች የመሠረቱባቸው ክስ ውድቅ ይደረግልን ብለው ደላዌር ፍርድ ቤት ቀረቡ። ዳኛው ሊዮ ስትራይን አልተቀበሏቸውም። ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ንብረቱ ቻይና ያለ ኩባንያ ቦርድ ላይ የተቀመጠ ሰው በአካል ቻይና ደጋግሞ መገኘት አለበት፣ ቋንቋውን የሚወጣበት ብቃት ሊኖረው ይገባል፣ የቁጥጥር ሥርዓትም መዘርጋት አለበት። አባላቱ ስርቆቱ ሲታወቅ ለቀው መውጣታቸውንም ዳኛው እንደ መከላከያ አላዩላቸውም። ሰረቀ ብለው ለሚጠረጥሩት ሰው ኩባንያውን ትቶ መሄድ ራሱ ግዴታን መጣስ ሊሆን ይችላል ነው ያሉት።

ያንቺ ኩባንያ ኬይማን ነው እንጂ ደላዌር አይደለም፤ ሕጉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፍሬ ነገሩ ግን ላንቺም ይሠራል። «በዓመት አንድ ጊዜ ትጎበኛለሽ» ያሉሽን ለእኚህ ዳኛ ብታቀርቢላቸው ምን እንደሚሉ አስቢው።

ሼንዘን_ነዋሪ፦
ዉሃን ነው የተማርኩት፤ አሁን ሼንዘን ውስጥ የአንድ የውጭ ኩባንያ ቢሮ አስተዳድራለሁ። ጋሽ ቶሮንቶ የጻፉት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የማኅተሙን ነገር ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው እንደ ቀላል የሚያየው እሱን ነው።

እዚህ አገር ኩባንያን የሚያስረው ከማንም ፊርማ በላይ ማኅተሙ ነው። ዋናው ማኅተም ክብ ነው፣ ቀይ፣ መሃሉ ላይ ኮከብ፣ ዙሪያውን የኩባንያው ሙሉ ስም፤ ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ ነው። ከእሱ ሌላ የፋይናንስ ማኅተም፣ የውል ማኅተም፣ የደረሰኝ ማኅተም፣ የሕጋዊ ወኪሉ (በመንግሥት መዝገብ ላይ ኩባንያውን የሚወክል ተብሎ የተመዘገበው ሰው) የግል ማኅተም አሉ። እኛ ቢሮ ዋናው ማኅተም ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰነድ ማስመታት የሚፈልግ ሰው መዝገቡ ላይ ቀኑን፣ የሰነዱን ዓይነትና የቅጂውን ብዛት ጽፎ ይፈርማል። ያዢዋ ሰነዱን አንብባ በራሷ እጅ ትመታለች እንጂ ማኅተሙን ለማንም አታቀብልም፤ ዋና ሥራ አስኪያጁም ቢመጣ አታቀብልም። ባንክ ላይም እንደዚሁ ሁለት ትናንሽ የዩኤስቢ ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ክፍያ ያዘጋጃል፣ ሌላው ያጸድቃል። ሁለቱን አንድ መሳቢያ ውስጥ ካገኘሽ ያ ኩባንያ ቁጥጥር የለውም ማለት ነው፤ የፖሊሲ ሰነዱ የፈለገውን ያህል ቢያምር።

አርም ቻይና ላይ የደረሰውን አንብቢ። በጊዜው የእንግሊዙ ቺፕ ነዳፊ አርም 49 በመቶ፣ የቻይና ባለሀብቶች 51 በመቶ ይዘው ነበር። በሰኔ 2020 ቦርዱ ዋና ሥራ አስኪያጁን አለን ዉን 7 ለ 1 በሆነ ድምፅ አነሳ። አርምም የቻይና ባለሀብቶቹም ተስማምተው ነው። ሰውየው ግን ሕጋዊ ወኪል ሆኖ የተመዘገበው እሱ ነው፣ ማኅተሙም በእጁ ነው። አልወጣም አለ፣ ሥራውንም ቀጠለ። የሼንዘን መዝገብ ቤት በሌሎች ሰዎች የተካው በሚያዝያ 2022 ነው። ሰባት ድምፅ ያለው ቦርድ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው አንድ ሰው ማስወጣት አልቻለም።

ዳንግዳንግ የሚባለው የመጽሐፍ መሸጫ ደግሞ አለ። በ26 ሚያዝያ 2020 ከመሥራቾቹ አንዱ ሰዎች አስከትሎ ቤጂንግ ቢሮው ገባና 47 ማኅተሞች ይዞ ወጣ። ኩባንያው ማኅተሞቹ ዋጋ የላቸውም ብሎ ማስታወቂያ እስከማውጣት ደረሰ።

ስለዚህ ጠይቂ፦ በእያንዳንዱ ንዑስ ኩባንያ ሕጋዊ ወኪሉ ማነው? ማኅተሙን ማን ይይዛል? ሕጋዊ ወኪሉ አልፈርምም ቢል ቦርዱ በምን መንገድ ይቀይረዋል፣ መተዳደሪያ ደንቡ ላይስ ተጽፏል? መልሱን ከኩባንያው ብቻ አትቀበዪ። የንግድ መዝገቡ መረጃ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ የራስሽ ጠበቃ በየሩብ ዓመቱ አውጥቶ ይላክልሽ። ፑዳ ላይ ያልተደረገው ይኸው ነው።

አትላንታ_ነኝ፦
ይህ ሁሉ ያስፈራል እንጂ ገለልተኛ አባል ላይ ማን ይፈርዳል? ባለቤቱ ሲሰርቅ ገለልተኛው ምን ያውቃል? እስር ቤት የሚገባው ባለቤቱ ነው።

ሼንዘን_ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ ድሮ እዚህም የሚባለው እንደዚያ ነበር። ካንግሜይ የሚባል የባህል መድኃኒት ኩባንያ አለ፤ የባንክ ሒሳቡ ላይ በ2017 ብቻ 30 ቢሊዮን ዩዋን ገደማ የሌለ ገንዘብ አለ ብሎ ሪፖርት አወጣ። በኅዳር 2021 የጓንዡ ፍርድ ቤት ከ52 ሺህ ለሚበልጡ ባለአክሲዮኖች 2.459 ቢሊዮን ዩዋን ካሳ ፈረደ። አለቃው 12 ዓመት ተፈረደበት። አምስት ገለልተኛ አባላትም ነበሩበት፤ ሦስቱ ለካሳው እስከ 10 በመቶ፣ ሁለቱ እስከ 5 በመቶ ከኩባንያው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ተባሉ። 10 በመቶው ወደ 246 ሚሊዮን ዩዋን ነው። ሰዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ገንዘቡን ሰረቁ ያላቸው የለም፤ የዓመቱን ሪፖርት እውነት ነው ብለው ፈርመዋል፣ በቃ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በየኩባንያው ገለልተኛ አባላት መልቀቂያ ማስገባት ጀመሩ።

ከመስከረም 2023 ጀምሮ ደግሞ ቻይና ውስጥ በተመዘገቡ ኩባንያዎች ገለልተኛ አባል በዓመት ቢያንስ 15 ቀን በቦታው ተገኝቶ መሥራት አለበት፤ ከሦስት ኩባንያ በላይ መያዝ አይችልም፤ ከስድስት ዓመት በላይ አንድ ቦታ መቆየትም አይችልም። ደንቡ ናስዳክ ላይ ያለውን አይመለከትም። ግን እህታችን ለራሷ መለኪያ ትፈልግ የለ? አሥራ አምስቱን ቀን ትውሰድ።

አዛውንት_ሽቱትጋርት፦
ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ፤ የምነግርሽ ካየሁት ነው። የጀርመን አሠሪዬ ሱዦው አካባቢ ከአንድ የቻይና ኩባንያ ጋር በሽርክና የከፈተው ፋብሪካ ቦርድ ላይ ተቀምጫለሁ። መሐንዲስ ነኝ እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም።

አንደኛ፣ ውሳኔ የሚሰጠው ስብሰባው ላይ አይደለም። ስብሰባው ቀድሞ የተስማሙበት የሚጸድቅበት ነው። ይህን እንደ ተንኮል አትዪው፤ ሰው በሰው ፊት እንዳይዋረድ፣ ክርክሩ ቀድሞ ይለቅ ተብሎ የሚደረግ ነው። አንቺ ግን ቀድሞ በሚያልቀው ክርክር ውስጥ ከሌለሽ፣ ስብሰባው ላይ የምታነሺው ጥያቄ ሁሉ እንደ ጠብ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ከስብሰባው ቀደም ብዬ እሄድ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊዋን ብቻዋን አገኛታለሁ፣ መጋዘኑን አያለሁ፣ ማታ ከሊቀ መንበሩ ጋር እራት እበላለሁ። አጀንዳው ላይ የሌለው ነገር ሁሉ እራት ላይ ነው የሚነገረው። በቪዲዮ እራት የለም።

ሁለተኛ፣ ኩባንያው የመንግሥት ድርሻ ካለበት የኮሚኒስት ፓርቲ ኮሚቴውን ሚና ቀድመሽ እወቂ። በመንግሥት ኩባንያዎች ትልልቅ ጉዳዮች ወደ ቦርድ ከመምጣታቸው በፊት ኮሚቴው ይመክርባቸዋል፤ ይህ በሕግም በመተዳደሪያ ደንብም የተጻፈ ነው፣ ምሥጢር አይደለም። ያንቺ የግል ኩባንያ ስለሆነ ብዙም ላያስጨንቅሽ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉም በላይ የምልሽ፣ ቃለ ጉባኤው ነው። አንድ ጊዜ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ከሚለው ሥር ፋብሪካችን ለሌላ ኩባንያ የባንክ ብድር ዋስ እንዲሆን የሚጠይቅ አንድ አንቀጽ አገኘሁ። አስተርጓሚው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎት ነበር። ያ ሌላ ኩባንያ የማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። የሊቀ መንበሩ ዘመድ ነው። አልስማማም አልኩ፣ ተቃውሞዬ ከነምክንያቱ ይመዝገብ አልኩ። ማታ የቦርዱ ጸሐፊ ሆቴሌ ድረስ ቃለ ጉባኤውን ይዛ መጣች። ትሑት ልጅ ናት፣ ሻይ እንኳ አልጠጣም አለች። ወረቀቱ ላይ «አባላቱ ሐሳብ ተለዋውጠው ጉዳዩ ወደፊት እንዲታይ ተስማሙ» ይላል። አልፈረምኩም። ቁጭ ብለን በቻይንኛውም በእንግሊዝኛውም «እገሌ በሚከተለው ምክንያት ተቃውሟል» የሚል እስኪገባ ድረስ ቆየን። የቻይና የኩባንያ ሕግ የቦርድ ውሳኔ ኩባንያውን ቢጎዳ የተሳተፉት አባላት ተጠያቂ ናቸው ይላል፤ በድምፅ አሰጣጡ መቃወሙ ቃለ ጉባኤ ላይ የተመዘገበለት ግን ነፃ ሊወጣ ይችላል። ዋስትናው በኋላ ተሰረዘ። ሊቀ መንበሩም አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም ከዚያ ወዲያ ሰነድ ቀድሞ ይላክልኝ ጀመር።

አንድ ነገር ደግሞ። ሌላ ቦርድ ላይ ካለሽ ተናገሪ። የፈረንሳዩ የምግብ ኩባንያ ዳኖንና የቻይናው የመጠጥ ኩባንያ ዋሃሃ ሲጣሉ (ከ1996 ጀምሮ ሸሪክ ነበሩ፣ ጠቡ በ2007 አደባባይ ወጣ) ዳኖን የሾማቸው የቦርድ አባላት በተፎካካሪ ኩባንያዎች ቦርድም ተቀምጣችኋል ተብለው ቻይና ውስጥ በግል ተከሰሱ። ዳኖን በ2009 ድርሻውን ለዋሃሃ ሸጦ ወጣ።

ዱከም_አስተርጓሚ፦
ጋሼ ስለ ቃለ ጉባኤው የጻፉትን ሳነብ የራሴን ሥራ ነው ያየሁት። እዚህ ዱከም ኢንዱስትሪ ዞን ለቻይና ኩባንያዎች አስተረጉማለሁ። ሰዓታት የፈጀ ክርክር «ውይይት ተደርጎበት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አስተርጓሚ ተቀጣሪ ነው፤ ደመወዙን የሚከፍለው ሰው የማይወደውን ቃል ማለስለስ ይቀናዋል። ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን አልወቅሳቸውም። ግን ኦዲተሯ የራሷን አስተርጓሚ ትያዝ፤ በኮሚቴው በጀት የሚከፈል፣ ለኮሚቴው ብቻ የሚሠራ። የአሜሪካ ሕግ የኦዲት ኮሚቴ የራሱን አማካሪ በኩባንያው ወጪ እንዲቀጥር ይፈቅዳል ሲባል ሰምቻለሁ፣ የሕግ ሰዎች አረጋግጡልን።

የሕግ_ሰው_ቶሮንቶ፦
ትክክል ነው፤ ከ2002ቱ የሳርቤንስ ኦክስሌ ሕግ ጀምሮ ኮሚቴው የራሱን ጠበቃና አማካሪ የመቅጠር ሥልጣን አለው፣ ኩባንያውም ገንዘቡን የማቅረብ ግዴታ አለበት። ለውጭ ኩባንያዎችም ይሠራል።

ኦዲተሯ_ሜሪላንድ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያቺ ጸሐፊ ሆቴል የመጣችበትን ታሪክ ለባለቤቴ አነበብኩለት።

በሙያዬ በኩል ያለውን እኔ ልጨምር፤ ሌላም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። ካንግሜይ ላይ ውሸቱ የባንክ ሒሳብ ነበር። በ2020 የወጣው የቻይናው የቡና ቤቶች ኩባንያ የላኪን ኮፊ ደግሞ ሽያጭ ነበር፤ በ2019 ብቻ 2.2 ቢሊዮን ዩዋን የሚገመት የሌለ ሽያጭ ተመዝግቦ ተገኘ። ሁለቱም ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ስለዚህ የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤ በኩባንያው በኩል ሲመጣ አልቀበልም። ኦዲተሩ ቅርንጫፉ ድረስ ሄዶ፣ መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ ከባንኩ ሠራተኛ እጅ መቀበል አለበት፤ እኔም ከጉብኝቶቼ በአንዱ አብሬው እሄዳለሁ። የወለድ ገቢውን ከተቀማጩ ጋር ማስተያየትም ቀላል ነገር ነው። ብዙ ገንዘብ አለኝ የሚል ኩባንያ ወለዱ ኢምንት ከሆነ፣ ወይም ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ በውድ ወለድ የሚበደር ከሆነ፣ መጠየቅ አለበት። ለሞተር ፋብሪካ ደግሞ የመብራት ሒሳቡና የመዳብ ሽቦ ግዢው ከምርቱ ጋር ይሄዳል ወይ የሚለውን አያለሁ። መብራት ኃይል ለማንም ብሎ ቁጥር አይጨምርም።

አንድ የሚያስጨንቀኝ ቀርቷል። ችግር ቢፈጠር ቻይና ስሄድ እንዳልወጣ ልታገድ እችላለሁ?

ሼንዘን_ነዋሪ፦
ሊሆን ይችላል፤ መደበቅ ጥሩ አይደለም። አንድ የአየርላንድ ዜጋ፣ የቻይና ባለቤትነት ያለው የአውሮፕላን አከራይ ኩባንያ የአየርላንድ ቅርንጫፍ ዳይሬክተር፣ በ2019 መጀመሪያ ሻንጋይ ለስብሰባ ሄዶ ከአገር እንዳይወጣ ታገደ። የኩባንያው ባለቤት ከሕዝብ ገንዘብ በማጭበርበር ታስሮ ነበር፤ ባለሥልጣናቱ አውሮፓ ውስጥ ያለውን የኩባንያውን ንብረት ማስመለስ ፈለጉ። ሰውየው ራሱ በወንጀል አልተከሰሰም። አገሩ የገባው በጥር 2022 ነው፤ ልጆቹ ያለ አባት ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነበር። እዚህ ያሉ ሰዎች ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ በልባችን ይዘነው ነው የምንሠራው።

አደጋው የሚጨምረው ሕጋዊ ወኪል ሆነሽ ስትመዘገቢ ነው። ስለዚህ ከላይኛው ቦርድ ውጭ «ለሥራ ቅልጥፍና» ብለው የጂያንግሱው ንዑስ ኩባንያ ዳይሬክተር ወይም ሕጋዊ ወኪል ሁኚ ቢሉሽ አይሆንም በያቸው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የኩባንያ ሕግ የዳይሬክተሩን ሸክም አክብዶታል። ባለአክሲዮኑ ቃል የገባውን ካፒታል ማስገባቱን ቦርዱ ማጣራት አለበት፣ ካላስገባ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፣ ዝም ካለ ዳይሬክተሩ ለጉዳቱ ይከፍላል። ይህ ከሕጉ በፊትም ደርሷል፤ የቻይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ሼንዘን የሚገኝ አንድ የስክሪን አምራች ስድስት ዳይሬክተሮች ኬይማን የተመዘገበችው እናት ኩባንያ ላላስገባችው 4.9 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በአንድነት ይክፈሉ ብሏል። ጥፋታቸው ደብዳቤ አለመጻፋቸው ነው። የንዑስ ኩባንያው ዳይሬክተር ሆነሽ ኩባንያው ቢፈርስም አጣሪ ኮሚቴ በ15 ቀን ውስጥ የማቋቋም ግዴታው ያንቺ ነው።

ዱባይ_ነጋዴ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ክሩ ወደ አንድ ወገን ያደላ መሰለኝ። ዋየርካርድ የተባለው የክፍያ ኩባንያ በ2020 ሲወድቅ 1.9 ቢሊዮን ዩሮ ጠፋ፤ ያ ጀርመን ነው። በሒሳብ ማጭበርበር የወደቀው ኤንሮንም የቴክሳስ ነው። ከቻይናዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ነግጃለሁ፣ ቃላቸውን የሚጠብቁ፣ ሌሊት ተነስተው ኮንቴይነር የሚያስጭኑ ሰዎች ናቸው። እህታችን እንደ ሌባ እያየቻቸው ከገባች ሥራው አይሠራም።

አዛውንት_ሽቱትጋርት፦
ወንድሜ እውነት ብለዋል፤ ዋየርካርድ የእኛው ሰፈር ነው፣ ቦርዱም ተቆጣጣሪውም ተኝቶ ነበር። አብሬያቸው ከሠራሁት ቻይናዎች አብዛኞቹ ከእኔ የበለጠ ትጉህ ናቸው። ያቺ የፋይናንስ ኃላፊ ምን ያህል ጠንካራ እንደነበረች ልነግርዎ አልችልም፤ ያንን ዋስትና መጀመሪያ ያሳየችኝ እሷ ናት፣ አጀንዳው ላይ በጣቷ። እሷ ብቻዋን መቃወም አትችልም ነበር፤ ሥራዋ ነው፣ ልጆች አሏት። የውጭ ሰው ቦርድ ላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ይመስለኛል። አገር ውስጥ ያለው ሰው የማይለውን እኔ ብለው አልጎዳም። ኦዲተሯ ይህን ከቻለች ለእነሱም ትጠቅማለች።

የሕግ_ሰው_ቶሮንቶ፦
አንድ የሕግ ወጥመድ ልጨምር። ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው የቻይና የዋስትና ሰነዶች (የአክሲዮንና የመሳሰሉት) ሕግ የውጭ ተቆጣጣሪ ቻይና ውስጥ በቀጥታ ማስረጃ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ከዚህ ጋር የተያያዘ ሰነድ ለውጭ እንዳይሰጥም እንዲሁ። የአሜሪካው ተቆጣጣሪ በበኩሉ ነገ ሰነድ አምጪ ሊልሽ ይችላል። በሁለቱ መካከል እንዳትቀሪ፣ የትኛው የኮሚቴ ሰነድ የት እንደሚቀመጥ ከመግባትሽ በፊት በጽሑፍ ይወሰን። የዳይሬክተሮች ኢንሹራንስ ፖሊሲውንም ሙሉውን አንብቢ፤ ማጠቃለያውን አይደለም። ከለቀቅሽ በኋላ ለሚመጣ ክስ ስንት ዓመት ይሸፍናል? ሊቀ መንበሩ ቢዋሽ ያንቺ ሽፋንም አብሮ ይሰረዛል ወይ? ይህን የሚለየው አንድ አንቀጽ ነው፣ ደላላው ያሳይሽ።

ኦዲተሯ_ሜሪላንድ፦
ጥያቄዎቹን ጽፌ ልኬ ነበር፤ መልሱ ዛሬ መጣ። በየሩብ ዓመቱ ለአንድ ሳምንት ፋብሪካው መገኘቴን ተቀብለዋል፣ ወጪውን እነሱ ይችላሉ። የራሴ አስተርጓሚና የራሴ የቻይና ጠበቃ፣ እሺ። የባንክ ማረጋገጫው፣ እሺ፤ የፋይናንስ ኃላፊው እንዲያውም ደስ ብሎት ነው የመለሰው። ተቃውሞ በሁለቱም ቋንቋ ይመዝገብ፣ እሺ። የማኅተሙ ጥያቄ ላይ ግን «በኩባንያው የውስጥ ደንብ መሠረት ይያዛል» ብቻ ብለው አልፈውታል። ደንቡን ላኩልኝ ብያለሁ። ሕጋዊ ወኪሉ ራሱ ሊቀ መንበሩ ነው፣ በሁሉም ንዑስ ኩባንያዎች። ደንቡ ካልመጣ፣ ወይም መጥቶ ማኅተሙም ሁለቱ የባንክ ቁልፎችም በአንድ ሰው እጅ ከሆኑና ለመለየት ካልፈለጉ አልፈርምም፤ ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ።

እስከዚያ አንድ ትንሽ ጥያቄ፦ ክፍያዬ ግብር የሚከፈልበት የት ነው?

የሕግ_ሰው_ቶሮንቶ፦
ማን እንደሚከፍልሽ ይወስነዋል። የኬይማኑ ኩባንያ ከሆነ ኬይማን የገቢ ግብር የለውም፤ አሜሪካ ላይ እንደ ግል ሥራ ገቢ ታስታውቂያለሽ፣ የግል ሥራ ግብሩም ይጨመርበታል። የጂያንግሱው ኩባንያ ከሆነ ግን በአሜሪካና በቻይና የግብር ስምምነት መሠረት ቻይና የዳይሬክተር ክፍያ ላይ ግብር መጣል ትችላለች፤ ስብሰባው በቪዲዮ ቢሆንም። እዚያ የከፈልሽውን እዚህ ማቀናነስ ይቻላል። ስለዚህ ውሉ ላይ ከፋዩ የኬይማኑ ኩባንያ ተብሎ ይጻፍ፤ ገንዘቡም ከዚያው ሒሳብ ይምጣ።

ሼንዘን_ነዋሪ፦
ደንቡ ሲመጣ ቻይንኛውን እዚህ ለጥፊልኝ፤ የኩባንያውን ስም አጥፍተሽ። የማኅተም አያያዝ ክፍሉን ማታ አነብልሻለሁ።